ነጥቧ የምትገባበት ቤት፦ ፖሊስ ከሰማይ የሚያደርገው ቅኝትና የግል ሕይወት መብት

ፖሊስ በከተማ ሰማይ ላይ ካሜራ የጫነ አውሮፕላን ወይም ድሮን ሊያሰማራ ነው በተባለ ቁጥር ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «መንገድ ላይ የወጣ ሰው መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደግሞስ ከዚያ ከፍታ የማን ፊት ይለያል?» ይላል። ሌላው «እርምጃችን ሁሉ ሊመዘገብ ነው» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚከራከሩ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ማየት፣ ሁለተኛው ስለ መመዝገብ ነው። ይህ ልዩነት ሳይለይ ስለ ግል ሕይወት መብት መከራከር ከንቱ ድካም ይሆናል። በአሜሪካም ሆነ በፈረንሳይ ፍርድ ቤቶችን ይበልጥ ያስጨነቀው ካሜራው ከፍ ማለቱ ወይም ጥራቱ አይደለም፤ ያየውን ሰብስቦ ማስቀመጡ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄሊኮፕተር፣ ድሮን እና ሙሉ ከተማን የሚቀርጽ ካሜራ

«የአየር ላይ ቅኝት» የሚለው ስያሜ በባሕርያቸው እጅግ የተራራቁ መሣሪያዎችን ጠቅልሎ ይይዛል። ሄሊኮፕተር ለፖሊስ ሥራ መዋል ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ውድ ነው፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ አየር ላይ ብዙ ሰዓት አይቆይም፤ ስለዚህ የሚላከው የሚያሳድደው ነገር ሲኖር ነው። ድሮን፣ ማለትም ሰው አልባ በራሪ፣ ወጪውንም ድምፁንም ቀንሶታል። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የቹላ ቪስታ ከተማ ፖሊስ ከ2018 ጀምሮ የአደጋ ጥሪ ሲደርሰው ድሮን ወደ ስፍራው ይልካል፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፍቷል። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚጋሩት ገደብ ግን አለ፦ ወዴት መመልከት እንዳለባቸው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ይህ ገደብ የለበትም። በርካታ ካሜራዎች በአንድነት ተገጥመው በትንሽ አውሮፕላን ላይ ይጫናሉ፤ አውሮፕላኑ በከተማው ላይ ለሰዓታት ይዞራል፤ በየሴኮንዱም ሰፊ አካባቢን በአንድ ምስል ይቀርጻል። መርማሪው የሚፈልገውን የሚመርጠው ከቀረጻው በኋላ ነው። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ተኩስ ከተሰማ፣ ምስሎቹን ወደ ኋላ እየመለሰ ተኳሹ ከየት እንደመጣ፣ ወደ ፊት እያስኬደ ደግሞ የት እንደገባ ይከተላል። በወቅቱ ማንም ያልጠረጠረው ሰው ውሎ ጥርጣሬው ከመወለዱ በፊት ተመዝግቦ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ይህ ከሄሊኮፕተር ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ነው ለብዙው ግራ መጋባት ምክንያት የሆነው።

ሐሳቡ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። በኢራቅ ጦርነት ወቅት በመንገድ ዳር የሚጠመዱ ቦምቦች የአሜሪካን ጦር ሲያስቸግሩት፣ ፍንዳታው ከደረሰ በኋላ ምስሉን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ቦምቡን ያጠመዱት ሰዎች ከየት እንደተነሡ የሚያሳይ ሥርዓት ተዘጋጀ። በሥራው የተሳተፈው የአየር ኃይል መኮንን ሮስ ማክነት ጡረታ ከወጣ በኋላ ፐርሲስተንት ሰርቬይላንስ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ቴክኖሎጂውን ለፖሊሶች ማቅረብ ጀመረ። በ2009 በሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ሁዋሬስ፣ በ2012 ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ኮምፕተን ተሞከረ። የኮምፕተኑ ሙከራ ዘጠኝ ቀን ቆይቷል፤ ነዋሪው ግን በሰማዩ ላይ ምን ሲዞር እንደነበረ ያወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ከዜና ነው።

የባልቲሞር ፈተና

ጉዳዩን እስከ ጥግ ያደረሰችው በሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ባልቲሞር ናት። ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ከተማ ከ2015 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው በ2015 ወጣቱ ፍሬዲ ግሬይ በፖሊስ እጅ እያለ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ ሲያልፍ ብርቱ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ አውሮፕላኖች በዚያ ሰሞን ከከተማዋ በላይ ያንዣብቡ እንደነበር በኋላ ታውቋል። በ2016 ደግሞ የማክነት ኩባንያ የከተማዋን ምስል ለወራት ሲቀርጽ ቆየ። ገንዘቡ ከግል ለጋሾች ስለመጣ በመደበኛው የበጀት ክርክር ውስጥ አላለፈም። ምክር ቤቱም ሕዝቡም የሰሙት ጋዜጠኞች ሲያወጡት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ፖሊስ በይፋ ተመለሰ። አሁን ስብሰባ ተጠራ፣ ውል ተፈረመ፣ ገደብም ተጻፈ። ሙከራው ከሜይ እስከ ኦክቶበር 2020 ለስድስት ወር የሚቆይ ሆነ። አውሮፕላኖቹ በሳምንት ቢያንስ 40 ሰዓት እንዲበሩ ታቀደ። እያንዳንዱ ምስል 32 ስኩዌር ማይል፣ ማለትም 83 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ የአየሩ ጠባይ ከፈቀደ በቀን 12 ሰዓት ያህል ከከተማዋ 90 በመቶ የሚሆነው በካሜራው ሥር ይውላል። ምስሉ 45 ቀን ይቀመጣል። ፖሊስ የሚጠቀምበትም ግድያን፣ ተኩስን፣ የትጥቅ ዝርፊያንና በኃይል የሚፈጸም የመኪና ነጠቃን ለመመርመር ብቻ ነው።

ሕዝቡን ለማረጋጋት በዋናነት የቀረበው የምስሉ ዝቅተኛ ጥራት ነበር። ፒክስል ማለት ዲጂታል ምስል የሚገነባበት ከሁሉ የምታንሰው ነጥብ ናት፤ በባልቲሞር ምስሎች ላይ አንድ ሰው ከአንድ ፒክስል እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ አይለይም። በረራውም በቀን ብርሃን ብቻ እንዲሆን ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ፦ እነዚህን ገደቦች ያስቀመጠው ውሉ እንጂ ቴክኖሎጂው አይደለም። ከዚያ የተሻለ ማየትም ሆነ በሌሊት መሥራት ይቻል ነበር። ውል ደግሞ በሌላ ውል ይተካል።

ስም የሌላት ነጥብ ስም የምታገኝበት መንገድ

«ነጥብ ብቻ ናት፤ ነጥብ ደግሞ ማንንም አትመስልም» የሚለው መከራከሪያ አንዲትን ምስል ብቻዋን ለሚያይ ሰው ትክክል ነው። ምስሎቹ ሲደረደሩ ግን ነጥቧ መንገድ ይኖራታል። ጠዋት ከአንድ ቤት ትወጣለች፤ አንድ የሕክምና ተቋም በር ላይ ደርሳ አርባ ደቂቃ ትጠፋለች፤ ከዚያ ወደ አንድ የጠበቃ ቢሮ ትሄዳለች፤ ማምሻውን ወደተነሣችበት ቤት ትመለሳለች። ቤቱ አድራሻ አለው፣ አድራሻውም ነዋሪ አለው። ፊቱን ማየት ያላስፈለገው መርማሪ የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ያልነገረውን ጭንቀቱን ጭምር ሊገምት ይችላል።

በዚህ ላይ ሌሎች መሣሪያዎች ይጨመራሉ። በባልቲሞር ነጥቧ በመንገድ ካሜራ ፊት ስታልፍ ከምድር የተቀረጸው ምስል ከሰማዩ ጋር ይገጣጠማል፤ መኪና ከሆነች የሰሌዳ ቁጥር የሚያነቡ ካሜራዎች አሉ፤ ተኩስ የተሰማበትን ቦታ የሚጠቁሙ መሣሪያዎችም አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ደካማ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ግን ለዚህም ይሠራል።

ብርቱ ተቃውሞ መጥቶ ነበር፦ አውሮፕላኖቹ ሌሊት ስለማይበሩ ነጥቧ ማታ ትጠፋለች፣ በማግስቱም የትኛዋ ነጥብ የትናንቷ እንደሆነች አይታወቅም የሚል። ይህ የሚያሳምነው ሰዎች በየቀኑ ከተለያየ ቦታ የሚነሡ ቢሆን ኖሮ ነው። የሰው ልጅ ግን የልማድ ፍጡር ነው፤ ማታ የገባበት ቤት ጠዋት የሚወጣበት ነው። እንቅስቃሴያችን ምን ያህል የየራሳችን አሻራ እንዳለው በ2013 የታተመ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎች የ1.5 ሚሊዮን የሞባይል ተጠቃሚዎችን የ15 ወር የቦታ መረጃ ያለ ስም መርምረው ነበር። ከመካከላቸው 95 በመቶ የሚሆኑትን ከሌላው ለመለየት የነበሩባቸውን አራት ቦታዎችና ሰዓቶች ማወቅ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ። መረጃው ከሞባይል እንጂ ከካሜራ የመጣ አይደለም፤ መርሑ ግን ያው ነው። ስምን መደበቅ ማንነትን መደበቅ አይደለም።

ሕጉ ከአጥር ተነሥቶ የት ደረሰ?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ መንግሥት ሰዎችን ያለ አግባብ እንዳይበረብር ይከለክላል። ብርበራ ሲኖር በመርሕ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ሁልጊዜ «ይህ ድርጊት ብርበራ ነው ወይ?» የሚል ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ምላሽ ለፖሊስ ያደላ ነበር። በ1986 በተወሰነ አንድ ጉዳይ ፖሊሶች በሁለት አጥር የተከለለ ጓሮ ውስጥ የካናቢስ ተክል አለ የሚል ጥቆማ ደርሷቸው በግል አውሮፕላን በርረው ከ300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተመለከቱ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ብርበራ አይደለም አለ፤ ማንም መንገደኛ በዚያ ሰማይ በርሮ ቁልቁል ማየት ይችላልና። በ1989 ደግሞ ከ120 ሜትር ገደማ በሄሊኮፕተር የተደረገውን ምልከታ ፈቀደ።

በእነዚያ ውሳኔዎች ውስጥ ያለው ምክንያት በአንድ ሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው። ፖሊሱ አየ፣ አለፈ። ጠቅላላ የከተማ ሕዝብን ለ45 ቀን የሚያስታውስ መሣሪያ በዳኞቹ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፤ «ማንም ሊያየው ይችል ነበር» የሚለው መለኪያም ለዚህ መሣሪያ ትርጉም ያጣል። ማንም መንገደኛ፣ ቢፈልግ እንኳ፣ የአንድን ሙሉ ከተማ ነዋሪ በአንድ ጊዜ ሊከተል አይችልም።

ፍርድ ቤቱ ራሱ ቀስ በቀስ ወደዚህ መጣ። በ2012 ፖሊስ በተጠርጣሪ መኪና ላይ ጂ ፒ ኤስ፣ ማለትም በሳተላይት ቦታን የሚያሳይ መሣሪያ፣ አስሮ ለ28 ቀን መከታተሉ ብርበራ ነው ተባለ። የውሳኔው ዋና ምክንያት መሣሪያውን በሰው ንብረት ላይ ማሰሩ ነበር፤ አምስት ዳኞች ግን በተናጠል ባሰፈሩት ሐሳብ የረጅም ጊዜ ክትትሉ ራሱ የግል ሕይወትን እንደሚነካ አመለከቱ። በ2018 ደግሞ በካርፔንተር ጉዳይ ፖሊስ የአንድን ተጠርጣሪ የ127 ቀን የሞባይል የቦታ መረጃ ያለ ብርበራ ማዘዣ መውሰዱ በ5 ለ4 ድምፅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። የዳኞቹ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ጉዞ በአደባባይ የተደረገ ቢሆንም ጠቅላላው ሲሰበሰብ ማንም ያላየውን፣ ሊያየውም የማይችለውን የሕይወት ታሪክ ይወልዳል።

የባልቲሞር ጉዳይ በዚህ መንገድ ላይ ተራመደ። የከተማዋ ጥቁር ማኅበረሰብ ተሟጋች የሆነ ድርጅትና ነዋሪዎች ያቀረቡት ክስ በመጀመሪያው ፍርድ ቤትም፣ ከዚያም በሦስት ዳኞች የይግባኝ ችሎት ተሸንፎ ነበር። በጁን 2021 ግን የአራተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ በተሰየሙበት ችሎት በ8 ለ7 ድምፅ ውጤቱ ተገለበጠ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ግሪጎሪ የጻፉት ውሳኔ ፖሊስ የተሰበሰበውን መረጃ መመልከቱ ብርበራ እንደሆነና ያለ ማዘዣ ሊደረግ እንደማይገባው ወስኗል።

የሙታኑ ጥያቄ

የአንድ ድምፅ ልዩነት የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል እንዳልነበረ ይመሰክራል። ዳኛ ሃርቪ ዊልኪንሰን በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ከተማዋ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆቿን የምትቀብር መሆኗን አንሥተዋል። ነዋሪው በመረጣቸው ኃላፊዎች በኩል፣ በይፋና በገደብ የተሞከረን መሣሪያ ፍርድ ቤት ሊቀማው አይገባም የሚል ነው አቋማቸው። ይህን ክርክር በንቀት ማለፍ አይቻልም። ገዳዩ ያልታወቀ ልጅ ለቀበረች እናት በሕይወት የመኖር መብት ከወረቀት ላይ ቃል በላይ ነው፤ ምስክር ለመሆን የሚፈራ ሰፈር ደግሞ የማይፈራ ምስክር ቢመኝ አይፈረድበትም።

ቢሆንም የክርክሩ ጉልበት አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ግድያን መመርመር አስፈላጊ መሆኑ፣ ከግድያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የከተማ ሕዝብ ሁሉ ውሎ አስቀድሞ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ መርማሪውም ዳኛ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን እንዳያስረዳ ለምን ነፃ እንደሚሆን አያብራራም። የጣት አሻራም ለምርመራ ይጠቅማል። ሁሉም ሰው በየቀኑ አሻራውን ለፖሊስ ይስጥ ግን አንልም። የአብላጫዎቹ ውሳኔ ሌላም ነገር አስታውሷል፤ እንዲህ ያለ ቅኝት ሁሉንም ሰው ቢነካም ክንዱ የሚከብደው ቀድሞውኑ በተጎዱት ሰፈሮች ላይ ነው። ግድያውም ቅኝቱም የሚበዛው እዚያው ነው፤ የጉዳዩ ሕመምም ይህ ነው።

ሌላው መዘዝ ከወንጀል ምርመራ ውጭ ያለው ነው። በሜይ 2020 የጆርጅ ፍሎይድን ሞት ተከትሎ በሚኒያፖሊስ በተነሣው ተቃውሞ ላይ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለድንበር ቅኝት የሚያውለውን ፕሬዳተር ድሮን አሰማርቶ ነበር። ለአንድ ዓላማ የተገዛ መሣሪያ ወደ ሌላ መሻገሩ ያለ ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በዚያው ዓመት ስለ ሰላማዊ ስብሰባ ባወጣው አጠቃላይ ትንተና፣ ስብሰባው በአደባባይ መደረጉ ብቻ የተሳታፊዎቹ የግል ሕይወት ሊጣስ አይችልም ማለት እንዳልሆነ አስፍሯል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 17 የሚከለክለው የዘፈቀደና ሕገወጥ ጣልቃ ገብነት በቤት ግድግዳ ውስጥ ብቻ የታጠረ አይደለም ማለት ነው።

ፓሪስ፦ «አደብዝዘነዋል» ሲባል

ፈረንሳይ ወደዚሁ ጥያቄ የደረሰችው በሌላ በር ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የፓሪስ ፖሊስ የእንቅስቃሴ ገደቡን ለማስከበር ድሮን ተጠቀመ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ኮንሴይ ዴታ፣ በሜይ ወር ድርጊቱ እንዲቆም አዘዘ፤ ድሮኖቹ ሰውን ለመለየት የሚያስችል መረጃ መሰብሰብ ስለሚችሉና ይህን የሚገዛ ሕግ ስላልነበረ ነው። ፖሊስ ከዚያ በኋላ ሰዎችን የሚያደበዝዝ ሶፍትዌር አስገባ፤ የሰልፎች ቅኝቱንም ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር በድጋሚ አስቆመው። ምክንያቱ ለባልቲሞሯ ነጥብም ይስማማል፦ ምስሉ የሚደበዝዘው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የግል መረጃ መሰብሰቡ አልቀረም።

መንግሥት ቀጥሎ ሕግ አወጣ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በሜይ 2021 የድሮን ክፍሉን ሻረው፤ በጃንዋሪ 2022 የወጣው ሌላ ሕግ ግን በአብዛኛው አለፈ። በዚህ ሕግ የመንግሥት ተወካይ የሆነው ፕሬፌ ለእያንዳንዱ ስምሪት ምክንያቱን፣ ቦታውንና ጊዜውን ወስኖ ይፈቅዳል፤ ድምፅ መቅዳትና በድሮኑ ላይ ፊት የሚለይ ሥርዓት መጠቀም የተከለከለ ነው፤ ምስሉም ቢበዛ ለሰባት ቀን ይቀመጣል። ተሟጋቾች ፈቃዱን የሚሰጠው ዳኛ ሳይሆን የአስተዳደር ባለሥልጣን መሆኑን ይተቻሉ፤ ትችታቸውም ክብደት አለው። ሆኖም ሰባት ቀንና 45 ቀን አንድ አይደሉም። የፈረንሳዩ መንገድ ያለው ብልጫ ገደቡ በፖሊስና በኩባንያ መካከል በተፈረመ ውል ሳይሆን ማንም ዜጋ አንብቦ ሊከስበት በሚችል ሕግ ውስጥ መስፈሩ ነው።

ውሳኔው ያልነካው ሰማይ

የባልቲሞሩ ውሳኔ የሚመለከተው ረጅምና ሁሉን አቀፍ ቅኝትን ነው። የድሮን ስምሪት እያንዳንዱ አጭር ነው፤ ለአንድ ጥሪ ተነሥቶ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ለየብቻ ሲታይ ወደ 1986ቱ አውሮፕላን ይቀርባል፤ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም፣ ካሜራውም ወደ ጥሪው ሲሄድ በሚያልፍባቸው ጓሮዎችና ሰገነቶች ላይ ሲቀርጽ፣ ቀረጻውም ሲከማች ግን ወደ 2020ው የባልቲሞር ቅኝት ይቀርባል። መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ገና የተፈታ ነገር አይደለም። በእኔ እምነት መለኪያው የበረራው ርዝመት ሊሆን አይገባም፤ ምን ያህል እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚፈለግ፣ ከምን ጋር እንደሚገጣጠም ነው መታየት ያለበት።

ቀረጻውን ማን ማየት ይችላል የሚለውም ጥያቄ አለ። በቹላ ቪስታ አንድ የጋዜጣ አሳታሚ የድሮኖቹን ቪዲዮ ለማየት ጠይቆ ከተማዋ ሁሉም የምርመራ ሰነድ ነው ብላ ከለከለችው። በ2023 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቪዲዮዎቹ በጅምላ ምስጢር ሊባሉ እንደማይችሉ ወሰነ። እዚህ ላይ ሁለት ተገቢ ጥቅሞች ይጋጫሉ፤ ሕዝቡ ፖሊስ ምን እንደሚቀርጽ ማወቅ አለበት፣ የተቀረጸው ነዋሪ ደግሞ ጓሮው ለሕዝብ እንዳይታይ ይፈልጋል። ግጭቱ ሊፈጠር የቻለው ቀረጻው በመኖሩ ነው።

ባልቲሞር ውሉን ያቋረጠችው በፌብሩዋሪ 2021፣ ከመጨረሻው ውሳኔ በፊት ነበር። አውሮፕላኖቹ ካረፉ ወራት አልፈዋል፤ ከተማዋም አብዛኛውን ምስል አጥፍታ የቀረውም ለምርመራ የተያዘ እንደሆነ ገልጻ ክርክሩ ቁም ነገር ስለሌለው ይዘጋልኝ አለች። ዳኞቹ አልተቀበሉም። ከምስሉ 14 በመቶ ያህሉ ገና በፖሊስ እጅ ነበር።